የጣና ሥዕሎች ከግድግዳቸው ሳይነሡ እንዴት ይታዩ?

በጎርጎራ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርት



ዛሬ የምናገረው ስለ ሥዕል ነው። ሥዕል ተሥሎ ካለቀ በኋላ ማን ያየዋል? የት ያየዋል? ያየውስ ሰው እንዲገባው ምን ያስፈልገዋል? በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ አብረን እንድናስብ ነው የመጣሁት። ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ። በጣና ዙሪያ ያሉ ሥዕሎቻችን ለአገርም ለዓለምም መታየት ይገባቸዋል፤ ለዚህ ሲባል ግን ከግድግዳቸው መነሣት የለባቸውም። ሥዕል አልጎደለንም። የጎደለን የማሳየት ዝግጅት ነው፣ እሱም በአቅማችን ልንሠራው የምንችለው ነገር ነው።

ከሩቅ ልጀምር። ፊንላንድ በሰሜን አውሮፓ ጫፍ የምትገኝ፣ ሐይቆቿ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ አገር ናት። አክሴሊ ጋለን ካሌላ የተባለ ሠዓሊዋ እ.ኤ.አ. በ1905 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኬይቴሌ የሚባለውን ሐይቅ ሣለ። ሥዕሉ ትልቅ አይደለም፤ ቁመቱ 53፣ ወርዱ 66 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሰው የለበትም፣ ጀልባ የለበትም። ያለው ውሃና በደን የተሸፈነ ደሴት ነው፤ በላዩ ደመና አለ። በውሃው ገጽ ላይ ግን ነፋስ የነካው ብርማ መስመር እየተጠማዘዘ ከዳር እስከ ዳር ያልፋል። ፊንላንዳውያን ይህን መስመር ሲያዩ ካሌቫላ በተባለው የአገራቸው ታላቅ ተረክ ውስጥ ያለው ቫይናሞይነን በጀልባ ቀዝፎ ያለፈበትን ዱካ ያስታውሳሉ። እናንተ በዚህ ሐይቅ ዳር ያደጋችሁ ሰዎች፣ ታንኳ ካለፈ በኋላ ውሃው ላይ የሚቀረውን መስመር ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ።

በለንደን የሚገኘው ናሽናል ጋለሪ ይህን ሥዕል በ1999 ገዛው። በ2017 ፊንላንድ የነጻነቷን 100ኛ ዓመት ስታከብር፣ ሙዚየሙ በዚሁ በአንድ ሥዕል ዙሪያ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። ሠዓሊው ያንኑ ሐይቅ አራት ጊዜ ሥሎት ስለ ነበር አራቱም ሥዕሎች በአንድነት ቀረቡ። ተመልካቹ አንዱን ከሌላው እያስተያየ፣ የሠዓሊው እጅ ከሥዕል ወደ ሥዕል ምን እንደ ለወጠ በዓይኑ ለመከታተል ቻለ። አንድ ሐይቅ፣ አንድ ሠዓሊ፣ ጥቂት ሥዕሎችና ጥሩ ማብራሪያ፤ ለኤግዚቢሽን ይህ በቂ ነበር።  

ሁለተኛ ምሳሌ ልጨምር። ሃሪየት ባከር በ1845 የተወለደች ኖርዌያዊት ሠዓሊ ናት። በመስኮት የገባ ብርሃን ያረፈባቸውን ክፍሎችና የገጠር አብያተ ክርስቲያናትን የውስጥ ገጽታ በመሣል ትታወቃለች። በ2024 በፓሪስ ትልቅ ከሚባሉት ሙዚየሞች አንዱ የሆነው ኦርሴ ሥራዎቿን ለብቻቸው አሳየ። ኤግዚቢሽኑ ግን ፓሪስ ላይ አልተጀመረም። መጀመሪያ በገዛ አገሯ በኦስሎ ብሔራዊ ሙዚየም ታየ፣ ቀጥሎ በስቶክሆልም፣ ከዚያ በኋላ ነው ፓሪስ የደረሰው። የአገሯ ሰዎች አስቀድመው አጠኗት፣ ሥራዎቿን መዘገቡ፣ ጻፉላት፣ ለራሳቸው ሕዝብ አሳዩ። ከዚያ በኋላ ዓለም ተቀበላት። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ።

ከዚህ ከወደቡ በእግር የምትደርሱባት ደብረ ሲና ማርያም በክብ አሠራሯና በሣር ክዳኗ የምትታወቅ ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ናት። መጀመሪያ የተተከለችው በአፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን እንደሆነ ይነገራል። በመቅደሷ ግድግዳ ላይ ያሉትን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች ያሠሯቸው ደግሞ የአፄ ፋሲለደስ እኅት መለኮታዊት እንደሆኑ በትውፊት ይነገራል። ለመሳለም ስትገቡ ብዙ ጊዜ አይታችኋቸዋል። ዛሬ ግን ቀስ ብለን እንያቸው።

የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚዎች ይህን ዓይነት አሣሣል የመጀመሪያው የጎንደር ስልት ይሉታል። መለያዎቹን አንድ ባንድ ልጥቀስ። ሠዓሊው መጀመሪያ የሰውነቱን ዳር በደማቅ ጥቁር መስመር ያወጣል፣ ከዚያ ውስጡን በቀይ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴ ይሞላል። የልብሱ እጥፋት ጎን ለጎን በወረዱ መስመሮች ይታያል። ጥላ የለም። ከሰዎቹ በስተጀርባ ተራራም ሆነ ቤት እምብዛም አይታይም፤ መደቡ ባዶ ቀለም ነው። የቅዱሳኑ ፊት ሙሉ ነው፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ወደ ተመልካቹ ያያሉ። የክፉዎቹ ፊት ግን በጎን ይሣላል፣ የሚታየውም አንድ ዓይን ብቻ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ማን የእግዚአብሔር ወገን፣ ማን የጠላት ወገን እንደሆነ ከዓይናቸው ይለያል። ይህ የታሰበበት የማስተማሪያ ዘዴ ነው።

የተሣሉበትም ቦታ የራሱ ሥርዓት አለው። ክቡ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ ይከፈላል። ሥዕሎቹ ያሉት በአራት ማዕዘኑ የመቅደስ ግድግዳ ውጫዊ ገጽ ላይ ነው። ፀሐይ በቀጥታ አያገኛቸውም፣ የክዳኑ አፍ ዝናቡን ይከለክልላቸዋል፣ ብርሃኑ በደጆች በኩል ለስልሶ ይደርሳቸዋል። በበሮቹ ላይ መላእክት ሰይፍ መዘው ይቆማሉ፣ ምክንያቱም ከበሩ ወዲያ ታቦቱ አለ። ምእመኑ ዙሪያውን እየተሳለመ ሲሄድ ታሪኩ ግድግዳ በግድግዳ እየተገለጠለት ይሄዳል። የሙዚየም ባለሙያዎች ብዙ የሚጨነቁባቸው ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ብርሃን፣ ጥበቃና የአቀራረብ ቅደም ተከተል፣ እዚህ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሲሠራባቸው ኖረዋል። ሥዕሉ ከዚህ ቦታ ሲነቀል የሚያጣው ግድግዳውን ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ተረዱ።

ጎርጎራ ሌላም ታሪክ አላት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አፄ ሱስንዮስ በዚህ አካባቢ ከትመው ነበር። የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያንም እዚሁ ቤት ሠሩ፤ ታዋቂው ስፔናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1622 የሞተው በጎርጎራ ነው። የማርያም ግምብ ፍርስራሽ የዚያ ዘመን ምስክር ሆኖ እስከ ዛሬ አለ። በሚስዮናውያኑ ትምህርት የተነሣው የሃይማኖት ክርክር ብዙ ደም አፍስሶ በ1632 አብቅቷል፤ ስለዚያ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን። ለዛሬው ነገራችን የሚያስፈልገን ሚስዮናውያኑ ይዘዋቸው የመጡት ሥዕሎች ናቸው።

በ1593 በአውሮፓ በአንትወርፕ ከተማ የወንጌልን ታሪክ በሥዕል የሚያሳይ መጽሐፍ ታተመ። አዘጋጁ ሄሮኒሞ ናዳል ይባላል፣ አብዛኞቹን ሥዕሎች በመዳብ ላይ የቀረጹት ደግሞ ቪሪክስ የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። ሚስዮናውያኑ ይህን መጽሐፍ ወደየአገሩ ይዘውት ሄዱ፣ ኢትዮጵያም ደረሰ። በሮም በቅድስት ማርያም ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂም እንዲሁ ወደ አገራችን ገባ። በዚያች ሥዕል እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ላይ ደርባ፣ በግራ እጇ መሐረብ ይዛ ትታያለች። ልጇ በአንድ እጁ ይባርካል፣ በሌላው መጽሐፍ ይዟል። እስቲ ቤታችሁ ያለችውን ምስለ ፍቁር ወልዳ አስታውሱ። የተደረቡት እጆች አሉ? መሐረቧስ? ልጁ የያዘው መጽሐፍስ? አብዛኞቻችሁ አሉ እንደምትሉኝ አልጠራጠርም።

የእኛ ሠዓሊዎች ግን እንግዳውን ሥዕል እንዳለ አልገለበጡትም። የእጁን አቀማመጥና የሰዎቹን አቋቋም ወሰዱ፣ ጥላውን ጣሉ፣ ከበስተጀርባ ያለውን ሕንፃ አወጡ፣ በራሳቸው ቀለም ሞሉት። በግራና በቀኝ ሚካኤልንና ገብርኤልን አቆሙ፤ እነዚህ ሁለት መላእክት በእኛ አሣሣል ከዚያ በፊትም በእመቤታችን ጎን የሚቆሙ ነበሩ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ሠዓሊዎች ደግሞ ጥላና የጨርቅ ጌጥ ጨመሩበት። በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ ያያችሁ ሰዎች፣ እቴጌይቱ ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው መሣላቸውን ታስታውሳላችሁ። ከአውሮፓ የመጣ ወረቀት በጣና ዳር ኢትዮጵያዊ ሥዕል ወለደ። ስለዚህ ከሌሎች አገሮች ጋር ሥዕል ማስተያየት ለእኛ አዲስ ልማድ አይደለም፤ አባቶቻችን ሳይፈሩ፣ የራሳቸውንም ሳይለቁ ያደረጉት ነው።

አሁን ደግሞ የሚያሳዝነውን ልንገራችሁ።

በጎንደርና በጣና ዙሪያ አብዛኛው የግድግዳ ሥዕል በቀጥታ በግድግዳው ላይ አልተሣለም። ግድግዳው በጭቃና በጭድ ይመረጋል፣ በላዩ ሸማ በማጣበቂያ ይለጠፋል፣ ሸማው ነጭ ይቀባል፣ ሥዕሉ የሚሣለው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው፣ ምክንያቱም ጭቃው ሲሰነጠቅ ሸማው ሥዕሉን ይይዝለታል። ነገር ግን በጨርቅ ላይ የተሣለ ሥዕል ሊላጥ፣ ሊጠቀለልና ሊጫን ይችላል። በ1932 የሆነው ይኸው ነው። በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ከዳካር ተነሥቶ አፍሪካን እያቋረጠ ጎንደር ገባ። በዚያ ያለውን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳቸው አወረደ። ከቡድኑ ጋር የነበረው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ በቦታቸው ቅጂ ሣለ፣ ዋናዎቹ ወደ ፓሪስ ሄዱ። ዛሬ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ጎንደር ከዚህ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ናት። የጎንደር ልጅ የአያቶቹን ሥዕል ለማየት ፓስፖርትና ቪዛ ያስፈልገዋል።

ከዚያም በፊት ኵርዐተ ርእሱ አለ፤ ጌታችንን የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚያሳየው ሥዕል። አሣሣሉ አውሮፓዊ ነው፣ ግን በነገሥታቱ እጅ ከብሮ ኖረ። በዘመቻ ጊዜ ከጦሩ ጋር ይሄድ ነበር፣ በፊቱ ይማማሉ ነበር። በ1744 በስናር ጦርነት ተማርኮ በቤዛ ተመለሰ። በ1868 መቅደላ ስትወድቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የነበረው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ወሰደው፣ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። አባቶቻችን በሰይፍ የተወሰደውን ከፍለው ያስመለሱት የማን እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው። እኛም መጠየቅ የምንችለው የራሳችን ምን እንደሆነ ቆጥረን ስናውቅ ነው።

ለመሆኑ በእጃችን ያለውንስ ምን ያህል እናያለን? በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ፍሬ ጽዮን የተባለ ሠዓሊ የሣላት የእመቤታችን ሥዕል አለች። በዚያ ዘመን ሠዓሊ ስሙን መጻፉ ብርቅ ነበር፤ እሱ ግን ጽፏል። በዚያ ስም መነሻነት አጥኚዎች በሌላ ቦታ ያሉ ሥዕሎችንም የእሱ ወይም የተከታዮቹ እንደሆኑ ለዩ። ለኢትዮጵያ የሥዕል ታሪክ ይህች አንዲት ሥዕል ትልቅ መሠረት ናት። ዳጋ ግን ሴት የማይገባበት ገዳም ነው። ሥርዓቱ የአባቶች ነው፣ ይከበራል። ነገር ግን እዚህ የተቀመጣችሁ እናቶቼና እኅቶቼ በሐይቃችሁ መካከል ያለውን የፍሬ ጽዮንን ሥራ አንዳችሁም አይታችሁ አታውቁም። ጥርት ያለ፣ በትክክለኛ መጠኑ የታተመ ፎቶግራፍ ከደሴቱ ውጭ በክብር ቢቀመጥ ሥርዓቱ ሳይነካ ግማሹ ሕዝብ ሥዕሉን ያያል። ሥዕል ከቦታው ሳይነሣ ይታይ የምለው ይህን ነው።

የእኛን ጥበብ ሌሎች ማሳየት ጀምረዋል። በባልቲሞር ከተማ የሚገኘው ዎልተርስ ሙዚየም በ1993 ስለ ኢትዮጵያ ቅዱስ ጥበብ ሰፊ ኤግዚቢሽን አዘጋጅቶ በአሜሪካ ከተሞች አዙሮታል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያን ከጎረቤቶቿና ከሩቅ አገሮች ጋር የሚያስተያይ ሌላ ኤግዚቢሽን አሳይቷል። በ2024 ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ አዳራሽ ሲኖራት ሠዓሊው ተስፋዬ ኡርጌሳ ሥራዎቹን አቀረበ። በዚህ ሁሉ ደስ ይለኛል። በአገር ቤትም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ብዙ ጥንታዊ ሥዕሎችን ጠብቆ ይዟል፤ ለዚህ ስብስብ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ብዙ ዓመት ደክመዋል። ሆኖም የባከርን ቅደም ተከተል አስታውሱ። የጣና ሥዕሎች ታሪክ መጀመሪያ ሊነገር የሚገባው በጣና ዳር፣ በአማርኛ፣ ለጣና ሰው ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? አራት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛው መመዝገብ ነው። እያንዳንዱ ግድግዳ፣ እያንዳንዱ ሥዕል በጥሩ ካሜራ ይነሣ፣ ቁመቱና ወርዱ ይለካ፣ ያለበት ጉዳት ይጻፍ። መዝገቡ አንዱ በቤተ ክርስቲያኗ፣ ሌላው በቅርስ መሥሪያ ቤት፣ ሌላው በዩኒቨርሲቲ ይቀመጥ። ከብቱን በመልኩና በምልክቱ የማያውቅ ባለቤት የጠፋበት ቀን ምን ብሎ ይከሳል? ያልተመዘገበ ሥዕልም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ጥበቃ ነው። የሥዕል የመጀመሪያ ጠላት የሚያፈስ ክዳን ነው። ክዳኑን በየጊዜው ማደስ ከማንኛውም የውጭ ባለሙያ እርዳታ ይቀድማል። ከዚያ ምስጥና የሌሊት ወፍ አለ፣ ግድግዳውን የሚነካ የሻማ ጭስ አለ፣ ልጆች በጣታቸው የሚነኩት አለ። ከሁሉም የሚከፋው የደበዘዘውን እናድምቅ ብሎ በሱቅ ቀለም መቀባት ነው። ቅን ልብ ይዞ የሚደረግ ነው፣ ግን የጥንቱን እጅ ለዘለዓለም ይሸፍነዋል። የደበዘዘ ሥዕል ባለሙያ እስኪመጣ ይታገሣል፤ የተቀባበት ግን እንደ ቀድሞው አይሆንም።

ሦስተኛው የማሳያ ቤት ነው። ከቤተ ክርስቲያኗ ቅጥር ውጭ፣ አባቶች በፈቀዱት ቦታ፣ ከአካባቢው ድንጋይ የተሠራ አንድ ክፍል ይበቃል። በውስጡ የደብረ ሲና ሥዕሎች በትልቁ ታትመው ይሰቀሉ፣ አጠገባቸው የናዳል መጽሐፍ ሥዕል፣ የሮሟ የእመቤታችን ሥዕል፣ የፍሬ ጽዮን ሥራ ይቀመጡ፣ ሰው እያስተያየ ይማር። የአባ እንጦንስ ሥዕሎችም ከፓሪስ እስኪመለሱ ድረስ ጥራት ያለው ፎቶግራፋቸው እንዲሰጠን መጠየቅ መብታችን ነው። ጥያቄው ስለ መመለሳቸው እንጂ ስለ ፎቶግራፉ ብቻ እንዳልሆነ ግን በግልጽ ይነገር። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠራው ሪዞርት የጎርጎራን ስም ለብዙ ሰው አስተዋውቋል። ሰላም ሲሰፋና መንገዱ ሲከፈት የሚመጣው እንግዳ ሐይቁን አይቶ ብቻ እንዳይመለስ፣ የሚያየው ቤት ከወዲሁ ይዘጋጅለት።

አራተኛው ማስተማር ነው። የዚህ ከተማ ተማሪ አንድን የደብረ ሲና ሥዕል ቆሞ ማብራራት እንዲችል አድርጎ ማሳደግ ከባድ አይደለም። ዲያቆናቱ ታሪኩን ያውቁታል፣ መምህራኑ የማስተማር ዘዴውን ያውቃሉ፤ ሁለቱ ይገናኙ። አንዷ ልጅ የቅዱሱን ሁለት ዓይኖችና የክፉውን አንድ ዓይን ለእንግዳ ስታስረዳ፣ አስጎብኚም ሆነች፣ የቅርሱ ጠባቂም ሆነች። ከእነዚህ ልጆች መካከል ነገ ሠዓሊዎች ይወጣሉ፣ የእነሱም ሥራ በአዲስ አበባ፣ በኦስሎ ወይም በለንደን ይታያል።

ስለዚህ በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤና የቀበሌ ስብሰባችሁ ሁለት አጀንዳ እንድትይዙ እለምናችኋለሁ። የክዳኑ እድሳት አንዱ ነው፣ የሥዕሎቹ ምዝገባ ሁለተኛው። ገንዘብ እስኪገኝ የማይጠብቅ ሥራ አለ፤ ስልክ ያለው ወጣት ከአባቶች ፈቃድ ተቀብሎ፣ ፍላሽ አጥፍቶ፣ ግድግዳዎቹን አንድ በአንድ ማንሣት ይችላል። ባለሙያው ሲመጣ የሚጀምርበት መዝገብ ያገኛል። የጣና ሥዕሎች ኤግዚቢሽን የሚጀመረው ከዚያ መዝገብ ነው፣ መዝገቡን ለመክፈት ደግሞ ከእናንተ የቀረበ ሰው የለም።